ታዋቂ ድምፃዊ ስለ ዓረብ አገር ቤት ሠራተኞች ሊናገርልን ፈቅዷል፤ ምን እንዲል እናድርግ?

የጦሳ ሥር (ደሴ)

ሰላም ናችሁ የወሎ ልጆች። ደሴ ላይ ከዓረብ አገር የተመለሱ እህቶችን የምናግዝ የበጎ ፈቃደኞች ስብስብ ነን። ብዙዎቹ ከሐርቡ፣ ከኮምቦልቻ ዙሪያ፣ ከሐይቅና ከወረባቦ የሄዱ ናቸው። ደመወዟን የተከለከለች አለች፤ ፓስፖርቷን አሠሪዋ የቀማት አለች፤ በየመን በኩል በእግር ስትሻገር ቆስላ የመጣችም አለች። አሁን ብዙ ተከታይ ያለው ድምፃዊ «ምን እንደምል ንገሩኝ፣ እላለሁ» ብሎናል። እኛ ግን አልተስማማንም። አንዳንዱ ቪዲዮ ሠርቶ ይልቀቅና ዓለም ይስማ ይላል፤ ሌላው ዘፋኝ ስለተናገረ የሳዑዲ ሕግ አይነቃነቅም ይላል። የታዋቂ ሰው ድምፅ በዓለም አቀፍ ሰብዓዊ መብት ላይ የሚሠራው እንዴት ነው? ከምንስ እንጀምር? ነገሩን የምታውቁ ዘርዘር አድርጉልን።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ድምፃዊውን ለጊዜው አቆዩት። መጀመሪያ ማን ምን እንዲያደርግ እንደምትፈልጉ ወስኑ። «ዓለም» የሚባል መሥሪያ ቤት የለም፤ ደብዳቤ ተቀብሎ መልስ የሚጠበቅበት አካል በስሙ መታወቅ አለበት።

በሕግ በኩል መንገዱ ጠባብ ነው። ሳዑዲ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አባል አይደለችም። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣውን የቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189ንም አላጸደቀችም። ኢትዮጵያ ቃል ኪዳኑን በ1985 ዓ.ም. ብትቀበልም፣ ግለሰብ አፈጻጸሙን ለሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ በቀጥታ አቤት የሚልበትን ተጨማሪ ስምምነት (ፕሮቶኮል) አልተቀበለችም። ስለዚህ «ጄኔቫ (የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት አካላት ዘንድ) እንከሳለን» የሚል ሰው ከመጣ በየትኛው በኩል እንደሚገባ ጠይቁት።

ክፍት ያለው መንገድ የተባበሩት መንግሥታት ልዩ ራፖርተሮች፣ ማለትም በአንድ የመብት ጉዳይ ላይ የሚሠሩ ገለልተኛ ባለሙያዎች ናቸው። የስደተኞችን መብት፣ ዘመናዊ ባርነትን፣ የሰው ንግድን የሚከታተሉ ለየብቻ አሉ። ለእነሱ ለመጻፍ አገሩ ስምምነት መፈረሙ አይጠየቅም፤ አገር ውስጥ ፍርድ ቤት ሄዶ መጨረስም ግዴታ አይደለም። ቅጹ ድረ ገጻቸው ላይ ይገኛል፤ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ ወይም በስፓኒሽ ይሞላል። ጉዳዩን ከያዙት ለመንግሥቱ ደብዳቤ ይጽፋሉ። በተለመደው አሠራር 60 ቀን ይሰጡና ከዚያ በኋላ ደብዳቤው፣ መልስ ከተገኘም መልሱ፣ ለሕዝብ ይፋ ይሆናል። ለሳዑዲ ብቻ ሳይሆን ለኢትዮጵያ መንግሥትም እንዲጽፉ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፤ የኛኑ ልጆች የነካ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2022 ልዩ ራፖርተሮች ለሳዑዲ መንግሥት ጻፉ። ከጥር እስከ ሚያዝያ 2022 ባሉት አራት ወራት በየመን ድንበር ላይ እስከ 430 የሚደርሱ ስደተኞች በጥይትና በከባድ መሣሪያ ተገድለዋል የሚል ክስ ደርሶናል አሉ። ደብዳቤው ይፋ ሲሆን ያየው ጥቂት ሰው ነው። ነሐሴ 2023 ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብዓዊ መብት ድርጅት 38 ተሻጋሪዎችንና 4 ዘመዶችን ወይም ጓደኞችን አነጋግሮ፣ የሳተላይት ምስልና ከ350 በላይ ቪዲዮና ፎቶ መርምሮ ሪፖርት ሲያወጣ ግን በአንድ ቀን የዓለም ዜና ሆነ። ሳዑዲ ክሱን አልተቀበለችም። ቢሆንም በዚያ ሳምንት ሊጮህ የፈለገ ታዋቂ ሰው ሁሉ በእጁ የሚይዘው ነገር ነበረው። የድምፃዊያችሁም ቦታ እዚህ ጋ ነው፦ ማስረጃ ከተዘጋጀ በኋላ።

መዝገቡን እንዲህ ያዙ። ለእያንዳንዷ ሴት አንድ ቁጥር ስጡ፤ ስሟን ከቁጥሩ ጋር የሚያገናኘው ወረቀት ለብቻው፣ በአንድ ሰው እጅ ይቀመጥ። የወጣችበት ቀን፣ በኤጀንሲ ነው በደላላ፣ መንገዱ (በቦሌ ወይስ በአፋር፣ በጅቡቲ ኦቦክ፣ በየመን)፣ የአሠሪዋ ከተማ፣ ውሉ ላይ የተጻፈው ደመወዝ፣ የተከፈላት ወርና ያልተከፈላት ወር፣ ፓስፖርቱን ማን ያዘው፣ የሕክምና ወረቀት ካለ ቅጂው። በመስማት የመጣ ወሬ ለብቻው ይጻፍ እንጂ ከአይን ምስክር ጋር አይቀላቀል።

ብዙ ጊዜ የሚያበላሹት ነገሮች ትንንሽ ናቸው። ሴቶቹ ቀን የሚያስታውሱት በእኛ አቆጣጠር ወይም በሂጅራ ነው፦ «ረመዷን ሊገባ ሲል»፣ «ከዓረፋ በኋላ»። እንዳለችው ጻፉና ከጎኑ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መልሱት። በአንድ ዓመት ከተሳሳታችሁ መንግሥቱ «በተባለው ቀን እንዲህ ያለ ነገር አልተመዘገበም» ብሎ ይዘጋዋል። ሌላው ስም ነው። ደላላ ስምና ዕድሜ ቀይሮ ፓስፖርት ያወጣላት ብዙ ናት፤ የቤት ስሟንና የፓስፖርት ስሟን ሁለቱንም መዝግቡ። ቪዲዮ ስትለዋወጡ በቴሌግራም ፋይል አድርጋችሁ ላኩ እንጂ እንደ ተራ ቪዲዮ አትላኩ፤ ሲጨመቅ የተቀረጸበት ቀንና ሰዓት ይጠፋል። ደግሞ አንዷን ሴት አምስት ሰው እየተፈራረቀ አይጠይቃት። አንዴ፣ በደንብ፣ ሴት ጠያቂ ባለችበት ይሁን።

ሐይቅ ዳር

ቦርከና ያለው ላይ የምጨምረው፣ «አንድ ሰው ሕግ አያስቀይርም» የሚለው ወገን ታሪክ አይደግፈውም። ራፋኤል ለምኪን ሥልጣንም ዝናም ያልነበረው ፖላንዳዊ የሕግ ሰው ነበር፤ የተባበሩት መንግሥታትን ኮሪደር እየዞረ ልዑካንን አንድ በአንድ በማሳመን የዘር ማጥፋት ስምምነት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1948 እንዲጸድቅ ዋናውን ሥራ ሠራ። ስምምነቱን ቀድማ ያጸደቀች አገር ኢትዮጵያ ናት፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1949።

ለእናንተ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የፈንጂው ዘመቻ ታሪክ ነው። አሜሪካዊቷ የመብት ተሟጋች ጆዲ ዊሊያምስና ስድስት ድርጅቶች ዘመቻውን እ.ኤ.አ. በ1992 ሲጀምሩ ጥያቄያቸው አንድ መስመር ነበር፦ ፀረ ሰው ፈንጂ ሙሉ በሙሉ ይከልከል። ልዕልት ዲያና በጥር 1997 አንጎላ ሄዳ ፈንጂ በሚጠረግበት መስክ ስትራመድ ከአራት ዓመት በላይ የተሠራበት ጥያቄ ተዘጋጅቶ ይጠብቃት ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 122 አገሮች ኦታዋ ላይ ፈረሙ። እሷ ፎቶውን ሰጠች፤ ጽሑፉ የሌሎች ነው። ፎቶው ብቻውን ቢመጣ ኖሮ የአንድ ሳምንት ጋዜጣ ነበር።

ለባሕረ ሰላጤው ደግሞ የካታርን አስቡ። ዛሂር ቤሉኒስ የተባለ ፈረንሳዊ አልጄሪያዊ እግር ኳስ ተጫዋች ከክለቡ ጋር በደመወዝ ተካሶ መውጫ ፈቃድ ተከለከለና ወደ ሁለት ዓመት ያህል ታገተ። ለዚዳንና ለጓርዲዮላ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ፤ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2013 ወጣ። እሱን የያዘው ከፋላ (ሠራተኛን ከአንድ አሠሪ ጋር የሚያስረው አሠራር) ቤት ሠራተኛዋን የያዘው ራሱ ሥርዓት ነው፤ ጋዜጠኞች ግን መውጫ ፈቃድ ምን እንደሆነ የገባቸው ተጫዋች ሲታሰርበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የሠራተኛ ተወካዮች ካታር ላይ ለዓለም ሥራ ድርጅት አቤቱታ አስገቡ፤ ካታርም በ2017 የማሻሻያ ስምምነት ስታደርግ አቤቱታው ተዘጋ። አሁን የሚያናድደውን ልንገራችሁ፦ መውጫ ፈቃዱ ለብዙው ሠራተኛ በ2018 ሲነሳ ቤት ሠራተኞች ተዘለሉ። ለእነሱ የተነሳው በጥር 2020 ነው፤ ያውም ለአሠሪዋ ከ72 ሰዓት በፊት የማሳወቅ ግዴታ ተጨምሮበት። ዝና በር የሚከፍተው መጀመሪያ ዝነኛውን ለሚመስሉት ነው። ድምፃዊው «ሠራተኞች» ካለ የቤት ሠራተኞች ይረሳሉ፤ «የቤት ሠራተኞች» ብሎ በስማቸው ይጥራቸው።

ራያ ቆቦ

እኔ ደግሞ ቀዝቃዛ ውኃ ላፍስስ። የታዋቂ ሰው ዘመቻ ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ ለማየት ከወሎ መውጣት አያስፈልግም። በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች የወሎን ረሃብ ፎቶ አንስተው ሲያሳዩ መንግሥት አፈናቸው፤ በጥቅምት 1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በቴሌቪዥን ሲያሳየው ግን መደበቅ አልተቻለም። በመጋቢት 1976ም የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ለለጋሾች ቁጥር ይዞ ቀርቦ ነበር፤ የሰማው ጥቂት ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ቢቢሲ የኬንያዊውን ካሜራማን የመሐመድ አሚንን የኮረም ምስል ሲያሳይ (ኮረም ያኔ የወሎ ክፍለ ሀገር ናት) ዓለም ተነሳ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 የአየርላንዳዊው ድምፃዊ የቦብ ጌልዶፍ ትልቁ ኮንሰርት (ላይቭ ኤይድ) ተደረገ። እህል ገባ፣ ነፍስ ተረፈ። ይህን የሚክድ ግፍ ይሠራል።

ግን ከመድረኩ የተነገረው ምክንያት በብዛት ድርቅ ነበር። ጦርነቱ፣ የእህል ንግድ ላይ የተጣለው ገደብ፣ በግድ የተደረገው ሰፈራ ከዘፈኑ ጋር አልገቡም። ያኔ 600,000 ገደማ ሰው፣ ከወሎ እጅግ ብዙ፣ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦርና ከፋ ተጫነ። የድንበር የለሽ ሐኪሞች የፈረንሳይ ክፍል አስገዳጅ ነው ብሎ ሲናገር በ1978 ዓ.ም. ከአገር ተባረረ፤ ሌላው ለጋሽ በአብዛኛው ዝም አለ፤ እህሉ እንዳይቆም ፈርቶ። ታዋቂ ሰው አጥፊ የሌለበትን መከራ ይወዳል፤ ስፖንሰር አይርቀውም፣ ቪዛ አይከለከልም። የሰብዓዊ መብት ጉዳይ ግን አጥፊ አለው። ድምፃዊያችሁ «እህቶቻችን ተሰቃዩ» ብሎ አልቅሶ ፓስፖርቱን የያዘውን፣ ቪዛውን ለአንድ አሠሪ ያሰረውን ሕግ ካልጠራ እርዳታ እንጂ መብት አልጠየቀም። ከመስማማታችሁ በፊት ዱባይ ወይም ሪያድ ኮንሰርት የያዘ እንደሆነ ጠይቁት። ካለው ይህን ንግግር አያደርግላችሁም፤ አትድከሙ።

የኡጋንዳውን አማፂ መሪ የጆሴፍ ኮኒን ቪዲዮም አስታውሱ፦ እንዲያዝ የተሠራ ዘመቻ ነው፤ መጋቢት 2012 እ.ኤ.አ. በስድስት ቀን 100 ሚሊዮን ጊዜ ታየ። ሰውየውና ታጣቂዎቹ ግን ከኡጋንዳ ከወጡ ዓመታት አልፈው ነበር፤ አሜሪካና ኡጋንዳ በ2017 ፍለጋውን ሲተዉትም አልተያዘም ነበር። ተመልካቹ የተሰጠው ሥራ በዋናነት ማጋራት፣ ታዋቂ ሰዎችንና ባለሥልጣናትን መወትወትና ፖስተር መለጠፍ ነበር።

የወልድያው ጠበቃ

ስለ ሕጉ በአጭሩ። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ የተሠራጨ እንደሆነ ቅጣቱን ያከብደዋል፤ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር። ያልተጣራ ቁጥር ከተናገረ የሚጠየቀው እሱ ነው። ስለዚህ ለድምፃዊው ከወረቀታችሁ ላይ የሌለ ቁጥር አትስጡት፤ ኤጀንሲም ሆነ ደላላ በስም አያንሳ። ዓረቦችን ወይም ሳዑዲዎችን በጅምላ መስደብማ አዋጁንም ይጋፋል፣ እዚያ ያሉትንም ያስመታል።

ሌላው፣ ጄኔቫ እስኪመልስ እዚህ ያለውን በር አትዝጉ። በሕጋዊ ኤጀንሲ የሄደች ሴት ደመወዟ ካልተከፈላት በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ኤጀንሲው ከአሠሪው ጋር አብሮ ይጠየቃል፤ ፈቃድ ሲያወጣም የዋስትና ገንዘብ አስይዟል። ውሉ ከእጇ ላይ ከሌለ ቅጂ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ጠይቁ። በደላላ የሄደችው ይህ አይሠራላትም፤ የእሷ ጉዳይ በአዋጅ 1178/2012 የሰው መነገድ ወንጀል ሆኖ ወደ ፖሊስ የሚሄድ ነው።

የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽንን የሚያነሳ ሰው አይጠፋም። እዚያ የአገር ውስጥ መፍትሔን መጨረስ ግዴታ ነው፤ በዜና ብቻ የተመሠረተ አቤቱታም አይቀበሉም። በሴት ልጅ የጋብቻ ጠለፋ ጉዳይ ኢትዮጵያ ላይ በ2007 እ.ኤ.አ. የቀረበ አቤቱታ የተወሰነው በ2015 ነው። ካሳ ይከፈል ተባለ፣ ጥሩ ውሳኔ ነው፤ ግን ስምንት ዓመት።

የጦሳ ሥር

አላህ ይስጣችሁ፣ እግዜር ይስጥልን። ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንዷ ተመላሽ «እኔው ፊቴን አሳይቼ በቀጥታ ስርጭት እናገራለሁ» ትላለች፤ እንፍቀድላት? ሁለተኛ፣ ድምፃዊው በዚያው ገንዘብ ላሰባስብ ይላል።

ቦርከና

በቀጥታ ስርጭት አይሆንም። ከአፏ የወጣ ስም አይመለስም፤ እህቷ ወይም ጓደኛዋ አሁንም እዚያው ቤት ልትኖር ትችላለች። ቅረጿት፣ ከመውጣቱ በፊት አሳይዋት፣ ማግሥቱን ሐሳቧን ብትቀይር ይሰረዝ። ፈቃዷን በሦስት ደረጃ ለየብቻ ጠይቋት፦ ስሟ ለራፖርተሩ ብቻ ይድረስ? ለመንግሥታቱም ይነገር? ለሕዝብም ይውጣ? አንዱን ፈቀደች ማለት ሦስቱን ፈቀደች ማለት አይደለም። ፊት ሸፍናችሁም ከኋላዋ የሚታየው መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም ተራራ ለአገሩ ሰው ይነግረዋል፤ ነጭ ግድግዳ ፊት ትቀመጥ።

ገንዘቡን ለዩት። በድምፃዊው የግል ሒሳብ ከገባ የመብቱ ጉዳይ ቀርቶ «ብሩ የት ገባ» ይሆናል። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የተመዘገበ ድርጅት ፈልጋችሁ በእሱ ስም ይሰብሰብ፣ በሌላ ሳምንት።

ጊዜውን ደግሞ ከደብዳቤው ጋር አስማሙት። ደብዳቤው ይፋ በሆነበት ሳምንት ቢናገር ጋዜጠኛ የሚያመለክተው ሰነድ ያገኛል። ንግግሩ ከአንድ ደቂቃ አይለፍ፦ ምን ተደረገ፣ የትኛው አሠራር ይነሳ (ፓስፖርት መያዝና ያለ አሠሪ ፈቃድ ሥራ መቀየር አለመቻል)፣ ማን መልስ ይስጥ።

ሐይቅ ዳር

አንድ ነገር ብቻ፦ በዓረብኛ የግርጌ ጽሑፍ ይኑረው። በአማርኛ ብቻ ከሆነ የሚሰሙት የልጆቹ እናቶች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ያውቁታል። ዓረብኛ የሚጽፉ ደረሶች ወሎ ውስጥ ሞልተዋል፤ ትርጉሙን ለሁለት ሰው ለየብቻ ስጡና አስተያዩት። ስለ አሠሪውና ስለ መኖሪያ ፈቃዱ ያሉትን ቃላት ግን ለተመላሾቹ አሳዩ፤ ከኪታብ የተማረ ሰው «ኢቃማ» (የመኖሪያ ፈቃድ) እንዴት እንደሚቀማ አያውቅም።