ኦክቶበር ሊያልቅ ነው፣ እኔ ገና ሞንጎሎች ላይ ነኝ (ኤፒ የዓለም ታሪክ፣ የመጀመሪያ ዓመቴ)

የደሴዋ (ሜሪላንድ)

ሰላም መምህራን። ደሴ ዘጠኝ ዓመት 11ኛና 12ኛ ክፍል ታሪክ አስተምሬያለሁ። እዚህ ከመጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በረዳት መምህርነት ጀምሬ፣ ፈቃዴን አውጥቼ፣ የ9ኛ ክፍል መደበኛ ታሪክ ሳስተምር ቆየሁ። ዘንድሮ ኤፒ ወርልድ ሂስትሪ (ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጥ የዓለም ታሪክ ኮርስ) ታስተምር የነበረችው ሴትዮ ጡረታ ወጣችና ክፍሏ ለእኔ ተሰጠ። ኦገስት ላይ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አሁን እንቅልፍ የለኝም።

ኮርሱ ከ1200 እስከ ዛሬ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፤ ዘጠኝ ዩኒት። ፈተናው ሜይ ላይ ነው። በእቅዴ መሠረት አሁን ዩኒት 3ን እያገባደድኩ መሆን ነበረብኝ። እኔ ዘንድ ግን ጄንጊስ ካን ገና አልሞተም።

ጊዜው የት እንደሄደ አውቃለሁ። ዩኒት 1 ላይ ኢትዮጵያ ከታላቋ ዚምባብዌና ከሐውሳ መንግሥታት ጋር በምሳሌነት ተጠቅሳለች። አንድ ቀን ይበቃት ነበር፤ እኔ አራት ቀን ሰጠኋት። ዛጉዌ፣ ላሊበላ፣ በ1270 ይኩኖ አምላክ፣ ክብረ ነገሥት... ክፍሌ ውስጥ ሦስት የሐበሻ ልጆች አሉ። አንዷ ፈገግ ስትልልኝ ጊዜ ማን ያቁመኝ? በአራተኛው ቀን ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አውጥቶ «ሚስ፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?» አለኝ። ሆዴ ባር ባር አለ።

ሌላው ልማዴ ነው። ደሴ ሳለሁ ስልሳ ተማሪ ፊት ቆሜ ኖት አጽፋለሁ፣ አብራራለሁ፣ ደወል ይደወላል። ልጆቼ ሰነፎች አልነበሩም፤ የዓድዋን ጦርነት መንስኤዎች ከእንቅልፋቸው ብቀሰቅሳቸው ይሉልኛል። የዚህኛው ፈተና ግን «ዘርዝር» አይልም። ሰባት ሰነድ ይሰጥና በአንድ ሰዓት ውስጥ የራስህን ክርክር ጻፍ ይላል። ባለፈው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ አስጻፍኳቸው። ሃያ ስምንት ወረቀት፣ ከ7 ነጥብ አብዛኛው 1 እና 2። «ሰነድ 1 እንዲህ ይላል፣ ሰነድ 2 እንዲህ ይላል» እያለ እስከ ሰባት ይወርዳል፣ አለቀ። ቅዳሜና እሁዴን እርማት በላው። ቡና እንኳ አላፈላሁም።

ምን ልቁረጥ? ደግሞስ እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ ያልጻፍኩትን ዓይነት ጽሑፍ እንዴት አድርጌ ነው የማስተምረው?

ጠመኔ (ቨርጂኒያ)

እንኳን ደህና መጣሽ ወደ እኛ ሰፈር። ይሄን ክፍል ስይዝ ዘንድሮ ስምንተኛዬ ነው። በመጀመሪያው ዓመቴ ቀዝቃዛውን ጦርነት በሁለት ቀን «ጨርሻለሁ»፤ ስለዚህ አትፈሪ፣ ከእኔ አትብሺም።

ስለ መቁረጡ፦ ዩኒት 1 እና 2 ከፈተናው የምርጫ ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው ከ8 እስከ 10 በመቶ ናቸው። ከ3 እስከ 6 ያሉት ግን እያንዳንዳቸው ከ12 እስከ 15። ማለትም ከ1450 እስከ 1900 ያለው የኮርሱ ወገብ ነው። አንቺ ገና ደጃፉ ላይ ቡና እየጠጣሽ ነው (ይቅርታ፣ ቡናም አላፈላሁም ብለሻል)። ዩኒት 2ን እስከ ዓርብ ዝጊው። ጄንጊስን ግደዪው፣ የልጅ ልጆቹን አንድ ቀን ስጫቸው፣ የጥቁር ሞት ወረርሽኝ በንግድ መንገዶቹ ተጉዞ ይለፍ፣ አበቃ።

እርማቱን በተመለከተ ሃያ ስምንት ወረቀት በሰባቱም ነጥብ ማረም ራስን መቅጣት ነው። እኔ እስከ ገና ድረስ ሙሉ ድርሰት አላስጽፍም። አንድ ሳምንት የመከራከሪያ ዓረፍተ ነገር ብቻ፤ ሁለት መስመር ጽፈው ይሰጡኛል፣ የክፍሉን በሃያ ደቂቃ አያለሁ። በሌላው ሳምንት መነሻ አውዱን ብቻ። ከዚያ አንድ ሰነድ ብቻ ሰጥቼ «ማን ጻፈው? ለማን? ምን ፈልጎ?» እላቸዋለሁ። «ሰነድ 1 እንዲህ ይላል» የሚለውን በሽታ የሚያድነው ይሄ የመጨረሻው ነው። ክርክር የሌለው ልጅ ሰነዶቹን በተራ ከመዘርዘር ሌላ ምን ያድርግ?

ምርጫውንም አትርሺ። 55 ጥያቄ በ55 ደቂቃ ነው፣ ከጠቅላላው 40 በመቶ ይይዛል። እሱም ቢሆን ሰነድ ወይም ካርታ ወይም ሥዕል አንብቦ ነው የሚመለሰው። ኖት ያጠና ልጅ እዚያም ይወድቃል።

ጡረተኛው (አዲስ አበባ)

ልጄ፣ እኔ ኤፒ የሚሉትን አላውቅም። ታሪክ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ያውም በጠመኔ (ወንድሜን ማለቴ አይደለም)።

በአራቱ ቀን አትጸጸቺ፤ የተጸጸትሽበት ምክንያት ግን ትክክል ነው። ስለ ላሊበላ ነገርሻቸው እንጂ እነሱ ምንም አልሠሩም። እዚያ አገር ካሉት የታሪክ መምህራን ስንቶቹ የውጫሌን ውል በአማርኛው ማንበብ ይችላሉ? አንቺ ትችያለሽ። ሜይ 2 ቀን 1889 የተፈረመውን ውል አንቀጽ 17 አውጪና ሁለቱን ጽሑፍ ጎን ለጎን ተርጉመሽ ስጫቸው። የአማርኛው ዐፄ ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የጣልያንኛው «ተስማምተዋል» ብሎ ግዴታ አደረገው። ኢጣልያም በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ጥገኛዬ ናት ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች።

ዝም ብለሽ ሁለቱን ወረቀት አስቀምጪና ውጪ። እንዴት ዓድዋ እንደደረስን እነሱ ይንገሩሽ። ዐፄው ውሉን የሻሩት በ1893 ነው፤ ጦርነቱ በ1896። መሃል ላይ ያሉት ዓመታት ምን ሲደረግባቸው እንደነበር መጠየቃቸው አይቀርም። ሳይጠይቁ ከቀሩ አንቺ ጠይቂያቸው።

ጠመኔ (ቨርጂኒያ)

ጋሼ፣ እጅ ነሥቻለሁ። ይሄን እኔም እሰርቅዎታለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ያ ዩኒት 6 ነው፣ እሷ ደግሞ ዩኒት 2 ላይ ናት። አሁን ወደ ዓድዋ ከዘለለች ሌላ አራት ቀን ትሰጠዋለች ብዬ እፈራለሁ።

ሚሚ የሲያትሏ

እኔ አስተማሪ አይደለሁም፣ ከሁለት ዓመት በፊት ኮርሱን ወስጄ ፈተናው ላይ ከ5 3 ያገኘሁ ነኝ። ከሁሉም የጠቀመኝን ልንገርሽ፦ አስተማሪያችን ራሱ ሆን ብሎ መጥፎ ድርሰት ይጽፍና በነጥብ መስጫው እኛ እናርመው ነበር። አስተማሪ ማረም እንዴት ደስ ይላል መሰለሽ! ያኔ ነው ነጥቡ ለምን እንደሚሰጥ የገባኝ። አንቺም «ተምሬው አላውቅም» ካልሽ አብረሻቸው ጻፊ፣ እነሱ ያርሙሽ።

ደግሞ ያ «ፈተና ላይ ይመጣል?» ያለውን ልጅ አትቀየሚው። አምስት ኤፒ የያዘ ልጅ ሊሆን ይችላል። እኔም እንደዛ ነበርኩ። ፈተናው አሁን በኮምፒውተር ስለሆነ በእጅ ብቻ አታስጽፊያቸው።

የደሴዋ (ሜሪላንድ)

ሁለት ሳምንት ስለጠፋሁ ይቅርታ። ጄንጊስ ካን ሞቷል፣ ዩኒት 2 ተዘግቷል።

ጠመኔ፣ ስጋትህ ልክ ነበር፤ ግን ጋሼን እምቢ ማለት አልቻልኩም። ሰዓት በስልኬ ሞልቼ አርባ ደቂቃ ብቻ ሰጠሁት፤ ዓድዋ የሚለውን ስም ሳልጠራ። አንቀጽ 17ን በሁለት ገጽ፣ ከየት እንደመጣ ሳልነግራቸው፣ የፈረሙትን ወገኖች «ሀ» እና «ለ» ብዬ። ከዚያ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ጋሼ፣ በሥራ ዘመኔ ክፍል ውስጥ እንዲህ የተቀመጥኩበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ እጄን የማደርግበት ጠፍቶኝ ነበር። አሥር ደቂቃ ያህል ዝምታ ሆነ። ከዚያ ያ ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ «ለ ሀን አታሎታል» አለ። የሐበሻዋ ልጅ ዘወር ብላ «ወይም አስተርጓሚው ተሳስቷል፣ በምን አወቅህ?» አለችው። ተያያዙት። እኔ ለሁለቱም አልፈረድኩም፤ «ለማወቅ ሌላ ምን ሰነድ ትፈልጋላችሁ?» ብዬ አስጻፍኳቸው። አሥራ አንዱ «ለ ለሌሎች አገሮች የጻፈው ደብዳቤ» ብለው ጻፉ። ደብዳቤዎቹን ዩኒት 6 ስንደርስ አመጣላችኋለሁ ብያቸዋለሁ፤ አሁን በየቀኑ መቼ ነው እያሉ ይጨቀጭቁኛል።

ሚሚ፣ መጥፎ ድርሰቱን ጽፌ ነበር። ችግሩ፣ መጥፎ ይሆናል ብዬ የጻፍኩት 3 ነጥብ ሲያገኝ፣ ደህና ነው ብዬ ለማነጻጸሪያ የጻፍኩት ደግሞ 4 ብቻ አገኘ። አንዷ ልጅ በቀይ «ሚስ፣ የሰነዱን ጸሐፊ ዓላማ አልገለጽሽም» ብላ ጻፈችብኝ። እውነቷን ነው።

አሁን ዩኒት 3 ላይ ነኝ። ኦቶማኖች፣ ሳፋቪዶች (የፋርስ)፣ ሙጋሎች (የህንድ)፣ ማንቹዎች (የቻይና)፤ የቀረኝ ስምንት ቀን ነው። ሳፋቪዶችን በአንድ ቀን ያስተማረ ሰው ካለ በምን ሰነድ እንደሆነ ቢነግረኝ።