የመጋገሪያ ትሪዬ ጠቆረብኝ፤ ምን ላድርግ?

ዱቄት በእጄ፦
ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ሦስት የመጋገሪያ ትሪዎች አሉኝ። ጥጋጥጋቸው ላይ እንደ ሙጫ የሚይዝ ቡናማ ነገር ተጋግሮባቸዋል። አንዱን ቤኪንግ ሶዳ በሙቅ ውሃ በጥብጬ ዘፍዝፌ አሳደርኩት። ጠዋት ሳየው ቅባቱ ለቋል፤ ትሪው ራሱ ግን ጠቁሯል! አበላሸሁት ማለት ነው? ሁለቱንስ በምን ልጠባቸው?

ቀስ በቀስ፦
አይዞሽ፣ አልተበላሸም። የጠቆረው አሉሚኒየም ስለሆነ ነው። ሶዳ አሉሚኒየም ላይ ብዙ ሲቆይ ያጠቁረዋል። የሚመልሰው ኮምጣጣ ነገር ነው። ትልቅ ድስት ውስጥ ውሃ አድርጊ፣ የሎሚ ጭማቂ ወይም ሁለት ሦስት ማንኪያ አቼቶ ጨምሪበት፣ ትሪውን ከትተሽ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አፍይው። ከዚያ በስፖንጅ አሸት አሸት አድርጊው። እንደ አዲስ ባያበራም ይነጣል።

ቡናማው ነገር ደግሞ ተራ ቆሻሻ እንዳይመስልሽ። ዘይት ደጋግሞ ሲግል ይጠጥርና እንደ ቀለም ይለጠፋል። ሳሙና ብቻውን የማያነሳው ለዚህ ነው። ሶዳውን በጥቂት ውሃ ለውሰሽ ወፈር አድርገሽ ቀቢው። አሉሚኒየም ከሆነ ከግማሽ ሰዓት በላይ አታቆዪው፤ ብረት ከሆነ ግን ቢያድርም ችግር የለውም። የትኛው ምን እንደሆነ ካላወቅሽ ማግኔት አስጠጊበት። አሉሚኒየምን አይዝም።

አረፋ፦
እኔ ሶዳና አቼቶ አንድ ላይ ነው የማፈስበት። ሲንተከተክ ማየቱ ራሱ ደስ ይላል።

ቀስ በቀስ፦
ደስ ማለቱንስ ደስ ይላል 😄 ግን ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉልበት ይገድላል። አረፋው ሲያልቅ የሚቀርሽ ትንሽ ጨው ያለበት ውሃ ነው። ለየብቻ ተጠቀሚባቸው።

ዝገት የሰለቸው፦
የእኔ ትሪ ብረት ነው፣ አጥቤ ስተወው ይዝጋል።

የድሮ ጋጋሪ፦
ወንድሜ፣ ግማሽ በግማሽ ውሃና አቼቶ ውስጥ 30 ደቂቃ ዘፍዝፈው፣ በሽቦ ፈትገው፣ እጠበው። ከዚያ በፎጣ ብቻ አትመነው፤ ሞቃት ኦቨን ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አድርቀው። ገና ሙቅ እያለ በጣም ስስ ዘይት ቀባው። ዘይቱ ከበዛ ያው ሙጫ ነው የሚሆነው።

ለእህታችንም አንድ ነገር ልበል። ኮስቲክ ሶዳ (ከቤኪንግ ሶዳ የተለየ ኃይለኛ ኬሚካል ነው) ያለበትን የኦቨን ማጽጃ አሉሚኒየም ላይ እንዳትሞክሪ፣ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። በረኪናም ይቅርብሽ። ደግሞ ትሪ የግድ መስታወት መምሰል የለበትም፤ እኔ የማይላላጥ፣ የማይሸት ጠባሳ ካየሁ እተወዋለሁ። ብቻ የጠቆረ ትሪ ሙቀት ቶሎ ስለሚስብ የኬኩ ታች እንዳያርብሽ ኦቨኑን ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ቀንሺለት።

ዱቄት በእጄ፦
ተባረኩ! የጠቆረው በሎሚ ነጣ። ሁለተኛውን ማግኔት ስለያዘው ሶዳ ቀብቼ አሳደርኩት፤ በእንጨት ማንኪያ ስፍቀው ተላጠ። ሦስተኛው ግን ኖንስቲክ (ምግብ እንዳይጣበቅበት ሽፋን ያለው) ነው፤ እኔው በሽቦ ፈትጌው ሽፋኑ መላላጥ ጀምሯል።

ቀስ በቀስ፦
ኖንስቲክ ለስላሳ ስፖንጅ፣ ሙቅ ውሃና ሳሙና ብቻ ነው የሚፈልገው። እሱ ግን አንዴ ከተላጠ አይመለስም። አትድከሚበት፣ ቀይሪው።