ቨርጂኒያ ላይ ሚዛን የደፋነው እኛ ነን?

የአሌክሳንድሪያው፦ ትናንት በአንድ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ላይ ተናጋሪው አሁንም «እ.ኤ.አ. በ2021 ሪፐብሊካኑን ያንግኪንን የቨርጂኒያ ገዥ ያደረግነው፣ ሚዛን የደፋነው እኛ ኢትዮጵያውያን መራጮች ነን» አለ። ጠያቂው አንድ ጥያቄ እንኳን ሳያነሳ አመስግኖ አሰናበተው። ከዴሞክራቱ ማክኦሊፍ ጋር የነበረው ልዩነት ከ63 ሺህ ድምፅ በላይ ነበር! እስከ መቼ ነው ራሳችንን እንዲህ የምንሸነግለው?

ታክሲ ነጂው፦ አንተ ያን ጊዜ የት ነበርክ? እኔ በየበሩ ወረቀት ሳድል ነበርኩ። ዕድሜውን ሙሉ ዴሞክራት ሲመርጥ የኖረ ሰው፣ ባይደን ሴፕቴምበር ላይ በትግራዩ ጦርነት ሰበብ የማዕቀቡን ትእዛዝ ከፈረመ በኋላ ፊቱን ሲያዞር በዓይኔ አይቻለሁ። ደግሞም ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረ ድምፅ ከአንዱ ተቀንሶ ለሌላው ስለሚጨመር እጥፍ ነው የሚቆጠረው።

የሒሳብ መምህሩ፦ እጥፍ መሆኑን እቀበላለሁ። እንግዲያው 32 ሺህ ያህል ሰው መሻገር ነበረበት። ዜግነት የወሰደ፣ የተመዘገበ፣ በ2020 ባይደንን የመረጠ፣ በዓመቱ ሐሳቡን የለወጠ 32 ሺህ ኢትዮጵያዊ ከየት አመጡ? በዚያው ቀን ኒው ጀርሲ ምን እንደሆነም ይዩ። ባይደን በ16 መቶኛ ነጥብ ባሸነፈበት ግዛት ዴሞክራቱ ገዥ መርፊ በ3 ነጥብ ተረፈ። ቨርጂኒያ 12 ነጥብ ያህል ወደ ሪፐብሊካን ተንሸራተተች፣ ኒው ጀርሲ 13። እዚያም የደፋነው እኛ ነን?

ታክሲ ነጂው፦ ኒው ጀርሲን ማን አነሳ?

እናት ከፌርፋክስ፦ ማክኦሊፍን የጣለው አፉ ነው። ወላጆች ለትምህርት ቤት ምን ይማር እንዳይሉ በክርክር መድረክ ላይ የተናገረውን ሁላችንም ሰምተናል። እኔ ድምፄን የለወጥኩት በልጆቼ ምክንያት ነው። ተናጋሪው እኔንም በእርሱ መዝገብ አስገብቶኝ ከሆነ ይሰርዘኝ።

ከአውሮራ፦ እንደዚህ ከሆነማ እኛም እዚህ ኮሎራዶ ሪፐብሊካኑን ማይክ ኮፍማንን ባተረፍነው ነበር። ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት ለቀረበው የምክር ቤት ውሳኔ፣ ለኤች አር 128፣ ከእኛ ጎን ቆሞ የታገለ የኮንግረስ አባል ነው። ውሳኔው ኤፕሪል 2018 ጸደቀ፤ ሰውየው ግን በኖቬምበር በ11 ነጥብ ተሸነፈ። ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ ምግብ ቤቱ ሁሉ ስለ እርሱ ሲያወራ ከርሞ ነበር።

ታክሲ ነጂው፦ ኤች አር 128 ራሱ የእኛ ተጽዕኖ አይደለም እንዴ?

የአሌክሳንድሪያው፦ ነው። አስገዳጅነት የሌለው ውሳኔ ማስጸደቅና ምርጫ መገልበጥ ግን ለየቅል ናቸው። ይልቅ ይህን መልስልኝ፦ ድምፅ በሰጠንበት በዚያው በኖቬምበር 2 ባይደን ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ የአፍሪካ ሸቀጥ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት የንግድ ዕድል፣ እንደሚያስወጣ ለኮንግረስ አሳወቀ። ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ተፈጸመ። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የነበረው የአሜሪካ ልብስ አምራች ፒቪኤች ፋብሪካውን ዘጋ። ደፍተን ምን አፈስን? የግዛት ገዥ በአጎዋ ላይ ምን ሥልጣን አለው?

ታክሲ ነጂው፦ ደብዳቤው የወጣው ውጤቱ ሳይታወቅ ነው፤ በዚያ አትውቀሰን። ተጽዕኖ በአንድ ምርጫ አይገኝም። አርመኖች የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የ1915ቱን ግፍ በየዓመቱ በሚያወጣው መግለጫ በስሙ፣ የዘር ማጥፋት ብሎ፣ እንዲጠራላቸው እስከ 2021 ድረስ ደጅ ጠንተዋል።

ስም የለሽ፦ ይቅርታ፣ «እኛ» ስትሉ ማንን ነው? በዚያ ሰሞን እኛ የትግራይ ልጆችም በዋሽንግተን ጎዳና ወጥተን ነበር፤ የያዝነው መፈክር ግን ሌላ ነው። የእኛ ድምፅ ወዴት ተቆጠረ?

ታክሲ ነጂው፦ ነገሩን ወደ ዘር አትውሰደው።

ስም የለሽ፦ የወሰደው «እኛ» ያለው ሰውዬ ነው። እኔ ቆጠራውን ነው የጠየቅኩት።

እናት ከፌርፋክስ፦ ልጄ ትክክል ብሏል። የእኔን ሳይጠይቁ ወሰዱት፤ የእርሱን ሳይጠይቁ ተዉት።

ከአውሮራ፦ ሬዲዮው ግን የትኛው ነው? ቅዳሜ ጠዋት የሚተላለፈው ከሆነ እዚያ የሚባለውን ማመን ከተውኩ ቆይቻለሁ።

ታክሲ ነጂው፦ መምህሩ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ መራጭ ሲመዘገብ ፓርቲውን አይጽፍም። ስለዚህ ስንቱ እንደ ተሻገረ አንተም ልታረጋግጥ አትችልም።

የሒሳብ መምህሩ፦ ታዲያ እርስዎ በምን ዐወቁ፣ ጋሼ?

ታክሲ ነጂው፦ በየበሩ ቆሜ!