ኮሮላዬ አንዳንድ ቀን ትነሳለች፣ አንዳንድ ቀን «ቀጭ» ብላ ዝም ትላለች

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ

ሰላም ለሁላችሁም። መኪናዬ በቤንዚን የምትሠራ የድሮ ኮሮላ ናት፤ ማርሿ በእጅ የሚቀየር። ከቢቸናና ከሉማሜ አንድ ሁለት ኩንታል ጤፍ እያመጣሁ ስለምሸጥ ያለ እርሷ ሥራ የለኝም። አንዳንድ ቀን ቁልፉን ገና ስነካው ትነሳለች። አንዳንድ ቀን ግን ከኮፈኑ ሥር «ቀጭ» የሚል አንድ ድምፅ ታሰማና ዝም። ቁልፉን ስምንት አሥር ጊዜ ስመላልሰው ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ድንገት ትነሳለች።

መጀመሪያ የጠዋቱ ብርድ ነው ብዬ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ደጀን ላይ በእኩለ ቀን ፀሐይ እንዲሁ አደረገችኝና ብርዱን ነጻ አወጣሁት። አንድ ጋራዥ «ባትሪው ሞቷል» ቢሉኝ አዲስ ገዛሁ። አምስት ቀን ደህና ሆና በስድስተኛው ያው። አሁን ደግሞ እዚያው ጋራዥ «ሙሉ ሞተሪኖ (ቁልፉ ሲዞር ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ዕቃ) ቀይሪ» ይሉኛል። ሌላ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት በሽታው የት እንዳለ በምን ልለየው?

መልስ፦ ጡረታ የወጡ ሾፌር፣ ከፍኖተ ሰላም

ልጄ፣ አዲሱን ባትሪ ሲያስገቡልሽ የኬብሉን ራስ አጽድተውታል ወይስ ነጩን ዝገት እንደያዘ አጥብቀውታል? እኔ 30 ዓመት ስነዳ ከቆመብኝ መኪና ግማሹ የተነሳው በ10 ቁጥር ቁልፍና በአንድ ኩባያ ሙቅ ውሃ ነው። የባትሪውን ራስ በእጅሽ ይዘሽ አወዛውዢው፤ ከዞረ ልል ነው። ዝገቱን በሙቅ ውሃ እጠቢ፣ ይድረቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገሽ አጥብቂው። ስትፈቺ መጀመሪያ ኔጌቲቩን፣ ስታስሪ ኔጌቲቩን መጨረሻ። ፖዘቲቩን እየፈታሽ ሳለ ቁልፉ የመኪናውን ብረት ቢነካ የሚፈናጠረው እሳት ቀልድ አይደለም።

እስከዚያው ቁልቁለት ላይ እያቆምሽ እደሪ፤ በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ስትለቂ ትነሳለች። ደግነቱ በአገራችን ቁልቁለት አይጠፋም።

መልስ፦ ከቡሬ

ይህ የቤንዚን ፓምፕ ነው፣ እኔም ደርሶብኛል። ዓባይ በረሃ ወርጄ ለምሳ ቆም ብዬ ስመለስ አልነሳ አለችኝ። ሞተሩ ይዞራል ይዞራል፣ አይይዝም። ሁለት ሰዓት ያህል ጥላ ሥር ከተቀመጥሁ በኋላ ተነሳች። ፓምፑን ቀየርሁ፣ ተገላገልሁ። ሳታመነቺ ቀይሪው።

መልስ፦ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ከባሕር ዳር

የቡሬው ወንድሜ፣ ያንተ መኪና ትዞር ነበር፤ የእህታችን አትዞርም። «አልነሳ አለ» የሚለው አነጋገር ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን በአንድ ስም ይጠራል፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ እየዞረ ካልያዘ ቤንዚን ወይም እሳት ጎድሏል ማለት ነው፤ ያኔ ፓምፑ፣ ሪሌው፣ ቦቢናው፣ የክራንክ ሴንሰሩ ይጠየቃሉ። ጭራሽ ካልዞረ ግን ፓምፑ ምን በወጣው?

አሁን ድምፁን እናዳምጥ። «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» እያለ በፍጥነት ቢደጋግም ባትሪው ደክሟል ወይም ራሱ ልል ነው እንል ነበር፤ ሶሌኖይዱ፣ ማለትም ሞተሪኖው ላይ ያለው በኤሌክትሪክ የሚሳበው ማብሪያ፣ ይስባል፣ ቮልቱ ይወድቃል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይስባል። ምንም ድምፅ ባይኖር የቁልፉ ትእዛዝ ሞተሪኖው ዘንድ አልደረሰም እንል ነበር። አንድ ጠንከር ያለ «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ ግን ሶሌኖይዱ ስቧል፣ ትልቁ ኃይል ወደ ሞተሪኖው አልገባም።

በግምት አትሂጂ። ከቴሌቪዥን ጠጋኝ የቮልት መለኪያ ተውሰሽ እንዲህ አድርጊ። ማርሹ ፎሌ ላይ ይሁን፣ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፣ ቁልፉን የሚያዞር ሌላ ሰው ይኑር። ነጠላ ለብሰሽ ከሆነ አውልቂው፤ ድንገት ብትነሳ ቀበቶውና ማራገቢያው ጫፉን ይዘው ይስቡሻል።

መኪናዋ አድራ፣ ሳትነሳ፣ ባትሪውን ለኪ፤ 12.6 ቮልት አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው፣ 12 ከሆነ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል። ከዚያ ልጁ ቁልፉን ሲያዞር ቁጥሩን ተመልከቺ። ሞተሩ በደንብ ሲዞር ወደ 10 ቮልት ገደማ መውረዱ የወግ ነው። ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ወይም ግንኙነቱ ይመረመር። «ቀጭ» ባለችበት ሰዓት ቁጥሩ ሳይወርድ ከቀረ ግን ትልቅ ምስክር አገኘሽ፦ ባትሪው ኃይል አለው፣ የሚወስድለት አጣ።

ቀጥሎ አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ አድርገሽ ስታዞሪ ከ0.2 ቮልት ብዙ መብለጥ የለበትም። በለጠ ማለት የኔጌቲቩ ኬብል መንገዱን ዘግቷል። ይህ መለኪያ ዋጋ የሚኖረው ሞተሩ ሲዞር ነው፤ ኃይል በማይሄድበት ኬብል ላይ የሚጠፋ ቮልት የለም።

መጨረሻ ወደ ሞተሪኖው ውረጂ። ሦስት ቦታ አለ፦ ከባትሪ የሚመጣው ወፍራም ኬብል የታሰረበት ብሎን፣ ከቁልፉ የሚመጣው ቀጭን ሽቦ፣ ከሶሌኖይዱ ወደ ሞተሪኖው ሆድ የሚገባው ሁለተኛው ወፍራም ብሎን። «ቀጭ» ብላ ዝም ስትል ሦስቱንም ለክተሽ ቁጥሩን ጻፊልኝ።

መልስ፦ ከዳንግላ

ይህ ሁሉ መለኪያ ለምን? ሁለቱን ወፍራም ብሎኖች በካቻቪቴ አገናኝቶ ማስነሳት ነው። ካልሆነም ሞተሪኖውን በመዶሻ መታ መታ።

መልስ፦ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ከባሕር ዳር

ወንድሜ፣ ሁለቱን ወፍራም ብሎኖች ስታገናኝ ሞተሪኖው ብቻውን ይሽከረከራል እንጂ ጥርሱ ወጥቶ ሞተሩን አይዝም። ድካሙ ለፍንጣሪ ብቻ ነው። ከቀጭኑ ጋር ብታገናኘው ያስነሳል፤ ያን ጊዜ ማርሽ ውስጥ የቀረች መኪና ከፊቷ የቆመውን ሰው ይዛው ትሄዳለች። መዶሻውን በተመለከተ፣ ካርቦኑ (ወደሚሽከረከረው ክፍሉ ኃይል የሚያሻግረው ቁራጭ) ያለቀ ሞተሪኖ ስትመታው አንድ ሁለት ቀን ይሠራል፤ እሱንም በእንጨት እጀታ ቀስ ብሎ እንጂ እንደ ምስማር አይደለም።

ጠያቂዋ፣ ከደብረ ማርቆስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ እንዳሉት የባትሪውን ራስ አጸዳሁት፤ እውነትም አንደኛው ነጭ ዱቄት ለብሶ ነበር። ለውጥ ግን የለም።

የእህቴን ልጅ ቁልፉ ላይ አስቀምጬ እኔ መለኪያውን ይዤ ቆምሁ። መኪናዋ ሐኪም ቤት ሲደርስ እንደሚሻለው በሽተኛ ሆነች፤ አሥራ ሦስት ጊዜ አጥፍተን ብናስነሳት አሥራ ሦስቱንም ተነሳች! ጎረቤት ሁሉ ቤንዚን የምንጨርስበት ምክንያት ምን ይሆን እያለ ሲያየን ነበር። በአሥራ አራተኛው «ቀጭ»። ልጁን «እንዳትለቅ!» ብዬ የቻልሁትን ለካሁ፤ የቀረውን በሚቀጥሉት ሁለት «ቀጭ»ዎች ሞላሁት።

ሳትነሳ 12.6። «ቀጭ» ስትል ባትሪው ላይ 12.3። ከባትሪ የሚመጣው ወፍራም ብሎን 12.2። ቀጭኑ ሽቦ 11.7። ሁለተኛው ወፍራም ብሎን 0። እውነት ዜሮ ነው፣ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። ደህና ስትዞር ከኔጌቲቩ እስከ ሞተሩ ብረት 0.1 ነው።

መልስ፦ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ከባሕር ዳር

ጎሽ! ከብዙ ጋራዥ የተሻለ ምርመራ ነው። ቁጥሮቹ ይናገራሉ። ኃይሉ እስከ ሶሌኖይዱ በር ደርሷል፣ የቁልፉም ትእዛዝ ደርሷል፣ በሌላኛው በኩል ግን የወጣ የለም። ሁለተኛው ብሎን ላይ 12 ቢሆንና ባይዞር ኖሮ ካርቦኑን እጠረጥር ነበር። ዜሮ ከሆነ የተበላው ሶሌኖይዱ ውስጥ ያለው መዳብ ነው።

በነዚህ የድሮ ቶዮታዎች ሞተሪኖ ውስጥ ሁለት የመዳብ ቁራጮች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ቁልፉ ሲዞር ጫፉ ላይ የመዳብ ዲስክ ያለው ዘንግ ተስቦ ሁለቱን ያገናኛል። በተነሳች ቁጥር ትንሽ እሳት ይበላዋል፤ ከዓመታት በኋላ አንደኛው ቁራጭ ጎድጉዶ ዲስኩ አንዱን ነክቶ ሌላውን ይስታል። ዲስኩ ዞር ሲል ያልተበላው ጎኑ ይደርስና ይገናኛል። አሥር ጊዜ ስትመላልሺው የምትነሳልሽ ለዚህ ነው። አዲሱ ባትሪም አምስት ቀን የሠራው በዕድል ይመስለኛል።

ሙሉ ሞተሪኖ አያስፈልግሽም። መዳቦቹንና ዘንጉን ብቻ አስቀይሪ። ሞተሪኖው ከመፈታቱ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል፤ ወፍራሙ ኬብል ቁልፉ ቢጠፋም ኃይል አለው። ሠራተኛው ሁለቱን ቁራጮች እኩል ከፍታ ላይ ማሰሩን አስምሪበት። አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ካለ በአዲስ መዳብ የድሮውን በሽታ ገዛሽ ማለት ነው።

ጠያቂዋ፣ ከደብረ ማርቆስ

ሌላ ጋራዥ ወስጄ ሞተሪኖውን ፊቴ አስፈታሁት። የሶሌኖይዱ ክዳን ሲከፈት ጥቁር ዱቄት እንደ ቡና አተላ ፈሰሰ። አንደኛው መዳብ ደህና ነው፤ ሁለተኛው ጥፍር እንደበላው ሳሙና መሐሉ ጎድጉዷል። ሠራተኛው ከወፍራም መዳብ ቆርጬ በሞረድ አስተካክዬ ልሥራልሽ ብሎኝ ነበር፤ እጁን አልጠረጠርሁም፣ ነገር ግን እኩል ከፍታ ያላችሁት ትዝ አለኝና ዕቃው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ እስኪመጣ ጠበቅሁ። ካርቦኑንም አየነው፣ ገና ነው።

ከተሠራች ዛሬ ሃያ አንድ ቀኗ ነው፤ አንድም ቀን «ቀጭ» አላለችም። የድሮው ባትሪ የመጀመሪያው ጋራዥ ጋ ቀርቷል። ልጠይቃቸው ብሄድ «ሸጥነው» አሉኝ፤ ማን የሞተ ባትሪ እንደገዛቸው አልነገሩኝም።

መልስ፦ ጡረታ የወጡ ሾፌር፣ ከፍኖተ ሰላም

እሰይ ልጄ። ቁልቁለት ላይ ማቆሙን ግን አትተዪ።

ጥያቄ፦ ከእንጅባራ

ከዚሁ ላይ ልጠይቅ። የእኔ አውቶማቲክ ቪትዝ ናት። ቁልፉን ሳዞር አንዳንዴ «ቀጭ» እንኳን አትልም፤ መብራቱ፣ ሬዲዮው፣ ክላክሱ ሁሉ ደህና ነው። ገፍተን እንዳናስነሳት አውቶማቲክ ሆነችብን።

መልስ፦ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ከባሕር ዳር

በምትከለክልህ ሰዓት ፍሬኑን ረግጠህ ማርሹን ከፒ (ማቆሚያው) ወደ ኤን (ፎሌ) አውጣና ቁልፉን አዙር። የቁልፍ ምልክት ያለበት መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ብልጭ ድርግም ማለቱን ሳያቆም ከቀረም ንገረኝ፤ የሌባ መከላከያው ቁልፉን አላወቀውም ማለት ነው።

ከእንጅባራ

መብራቱ ጠፍቷል። በኤን ወዲያው ተነሳች።

መልስ፦ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ከባሕር ዳር

እንግዲያው ባትሪም ሞተሪኖም እንዳትገዛ። ካምቢዮው ጎን ላይ ማርሹ የት እንዳለ የሚያሳብቅ ስዊች አለ፤ ፒ ላይ መሆኗን እየሳተ ነው። መጀመሪያ የሶኬቱን ውስጥ አስጽዳው፣ አቀማመጡንም አሳየው። እስከዚያው በኤን አስነሳ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳትይዝ ግን አታዙራት።