የማሽላ ዲኤንኤ ለናኖፖር፦ ቡናማና ዝልግልግ እየሆነ አስቸገረን

ቦርከና (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ዙሪያ ካለ ማሳ የማሽላ ቅጠል ወስደን ዲኤንኤውን በሲታብ (ሴሉን በሚያፈርስ ሳሙና መሰል ኬሚካል) እናወጣለን፤ የሚላከው ለናኖፖር (ዲኤንኤን በጥቃቅን ቀዳዳ እያሳለፈ ለሚያነብ መሣሪያ) ንባብ ነው። የዲኤንኤውን መጠን ናኖድሮፕ (በብርሃን የሚለካው) በማይክሮሊትር 180 ናኖግራም ሲል ኩቢት (ዲኤንኤ ላይ በሚጣበቅ ቀለም የሚለካው) 35 ብቻ ይላል። 260/230ው (የንጽሕና መለኪያው) 0.9 ላይ ቀርቷል። ዝቃጩ ቡናማ ነው፤ በፒፔት ሲሳብ እንደ ተልባ ይለጠጣል። ጄል (ዲኤንኤ በርዝመቱ የሚለይበት) ላይም ከጉድጓዱ አልወጣ ያለ ነገር አለ። ፈሳሽ ናይትሮጅን የለንም። ምን ይሻላል?

ጦሳ፦ ኩቢትን እመኑ። ናኖድሮፕ በ260 ብርሃን የሚውጠውን ሁሉ፣ አርኤንኤውንም ፌኖሉንም፣ ዲኤንኤ ብሎ ይቆጥራል። የሚለጠጠው ፖሊሳካራይድ ነው፤ ቡናማው ደግሞ አየር የነካው ፖሊፌኖል። ሁለቱም ሲታብ ከመግባቱ በፊት ካልታጠቡ በኋላ ማስለቀቁ ጭንቅ ነው።

ማጠቢያው፦ 100 ሚሊሞላር ትሪስ (ፒኤች 8.0)፣ 0.35 ሞላር ሶርቢቶል፣ 5 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ፣ 1% ፒቪፒ-40 (ፖሊፌኖሉን የሚይዘው)። ልትሠሩ ስትሉ 1% ቤታ-መርካፕቶኢታኖል ጨምሩበት፤ ሽታው መርዝ ነውና ጭስ መሳቢያው ሥር ይሁን። 1 ግራም ለጋ ቅጠል በረዶ ላይ በተቀመጠ ሙቀጫ፣ በዚሁ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ፍጩ። 10 ሚሊሊትር አድርሱትና በ5,000 ጂ 5 ደቂቃ አሽከርክሩ፤ ላዩን ድፉ። የሚደፋው ፈሳሽ መለጠጡን እስኪተው ድገሙት፤ ለማሽላ አንዴ አይበቃም። ከዚያ ሲታብ፣ 65 ዲግሪ፣ ለ45 ደቂቃ። ቱቦውን በእጅ ቀስ አድርጎ መገልበጥ ነው እንጂ ቮርቴክስ (መንቀጥቀጫው ማሽን) አይነካውም።

አዘዋ፦ ጦሳ ያለው ላይ ልጨምር። የጎለመሰ የማሳ ቅጠል ተዉት። ዘሩን አብቅላችሁ ቡቃያውን 48 ሰዓት ጨለማ ውስጥ አቆዩት፤ ያከማቸውን ስታርች ይጨርሳል፣ ያለ ናይትሮጅን ለመፍጨትም ይቀላል።

ደሴ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ብርዱን አትርሱ። ሲታብ ከ15 ዲግሪ ግድም በታች ይረጋል። ጠዋት ጠርሙሱ ሥር ነጭ ነገር ካያችሁ 65 ዲግሪ ውሃ ውስጥ አሟሙታችሁ ተጠቀሙ። ሴንትሪፉጁም ሲታብ ከገባ በኋላ 20 ዲግሪ ላይ ይሁን፤ 4 ላይ አይሆንም። አይሶፕሮፓኖል (ዲኤንኤውን የሚያዘቅጠው) ከጨመራችሁ በኋላም ፍሪዘር ውስጥ አታሳድሩት፤ ጨውና ፖሊሳካራይድ ይዞ ይወርዳል።

ቦርከና፦ እግዜር ይስጥልኝ። አርኤንኤዝስ (አርኤንኤውን የሚቆራርጠው ኢንዛይም) መቼ ይግባ?

ጦሳ፦ ከሲታቡ ቀጥሎ ፕሮቲን ከሚያወጣው ከመጀመሪያው ክሎሮፎርም-አይሶአሚል (24 ለ 1) በኋላ፣ በሚሊሊትር 100 ማይክሮግራም፣ 37 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ። ሁለተኛው ክሎሮፎርም ኢንዛይሙን ራሱን ያወጣላችኋል። የፒፔቱን ጫፍ በንጹሕ ምላጭ ቁረጡት፤ ጠባቡ ረጅሙን ዲኤንኤ ይበጥሳል። ዝቃጩን በ10 ሚሊሞላር ትሪስ ክፍሉ ሙቀት ላይ አሳድሩት፤ በፒፔት እያማሰሉ ማሟሟት የለም።

ወይራ፦ እኔ በርዝመቱ ብቻ መጓጓቱን አልደግፍም። ከመጠን በላይ የረዘመ ዲኤንኤ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ በ26 ጌጅ መርፌ ጥቂት ጊዜ ማመላለስ የንባቡን ምርት ይጨምራል። ብዛቱም አያሳስባችሁ፤ ለላይጌሽን ኪቱ (ዲኤንኤውን ለንባብ ለሚያዘጋጀው) 1 ማይክሮግራም ይበቃል፣ 35 በ47 ማይክሮሊትር ሲባዛ 1.6 ገደማ ይሆናል። የጎደላችሁ ንጽሕናው ነው፤ 260/230ው 2.0 ሳይደርስ ፍሎውሴል (ቀዳዳዎቹ ያሉበት ክፍል) ላይ አትጫኑት።

ወደ አዲስ አበባ ስትልኩ ሳታሟሙት፣ ዝቃጩን በ70% ኤታኖል ውስጥ እንዳለ ላኩት። ከተሟሟ ግን 4 ዲግሪ ላይ ይቀመጥ፤ እየቀዘቀዘ እየቀለጠ ሲመላለስ ይሰባበራል።