ለሙዚቃ ዕቃ ራክ ቀላል መደርደሪያ፦ ይገዛ ወይስ ይሠራ?

ኪቦርድ_ቤት
ሰላም ወገኖች። 6 ዩኒት ራክ (የድምፅ ዕቃ ከፊት በብሎን የሚታሰርበት ሳጥን፤ 1 ዩኒት 4.4 ሳንቲ ያህል ከፍታ ነው) ውስጥ ሁለት ግማሽ ራክ፣ ማለትም የራኩን ግማሽ ስፋት የሚይዙ፣ የዋየርለስ ማይክ ሪሲቨር፣ አንድ ትንሽ ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ድምፅን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ዕቃ) እና አዳፕተሮቻቸውን ማስገባት እፈልጋለሁ። ገበያ ላይ የማገኘው መደርደሪያ ሁሉ ብረት ነው፤ ሁለቱ ብቻ 5 ኪሎ ይጠጋሉ። ራኩ ለሰርግ ሥራ በየሳምንቱ ደረጃ ይወጣል፣ አንዳንዴም በአውሮፕላን ስለሚጫን ከነሳጥኑ ከ23 ኪሎ ማለፍ የለበትም። አልሙኒየም ላሳጥፍ ወይስ በእንጨት ልሥራው? ስንት ሚሊ? የፊት ብሎን ብቻውንስ ይሸከመዋል?

ላሜራ_ሠሪ
ወንድሜ፣ ውፍረቱን እንዳታሳንስ። 44 በ25 ሳንቲ የሆነ ወለል በ1.2 ሚሊ ብረት ላሜራ ከ1 ኪሎ ትንሽ ያልፋል፤ በ2 ሚሊ አልሙኒየም 600 ግራም አይሞላም። መታጠፍን በመቋቋም ግን 2 ሚሊው አልሙኒየም ከዚያ ብረት 1.6 እጥፍ ይበልጣል፣ ግትርነት የሚያድገው በውፍረቱ ኪዩብ ነውና። አልሙኒየሙንም 1.2 ሚሊ ካደረግከው ግትርነቱ የብረቱ ሲሶ ብቻ ነው፤ መሃሉ ይረግባል። ብዙ ሰው "አልሙኒየም አይችልም" የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

በርና መስኮት ሠሪዎች ጋ ያለውን ፕሮፋይል ለማጠፍ አትሞክር። አብዛኛው 6063 የሚባለው የአልሙኒየም ዓይነት ነው፤ በሹል ማዕዘን ሲታጠፍ ውጪው ይሰነጠቃል። ለማጠፊያ 5052 የሚባለውን ዓይነት ላሜራ ጠይቅ፣ የማጠፊያው ውስጠኛ ራዲየስም ቢያንስ የላሜራውን ውፍረት ያህል ይሁን። ጎንና ጎኑን፣ ኋላውንም 20 ሚሊ ወደ ላይ አሳጥፍ። ያቺ ጠርዝ ናት ወለሉን ቀጥ አድርጋ የምትይዘው።

ስለ ፊት ብሎን፦ ችግሩ ብሎኑ ላይ አይደለም፣ ጆሮው (ብሎኑ የሚያልፍበት የፊት ጠርዝ) ላይ ነው። ባለ 1 ዩኒት መደርደሪያ የላይኛውና የታችኛው ቀዳዳ ርቀት 31.75 ሚሊ ነው፤ ባለ 2 ዩኒት 76.2 ሚሊ። ያው ዕቃ ያው ቦታ ላይ ተቀምጦ ባለ 1 ዩኒቱ ላይ ብሎኑንና ጆሮውን የሚስበው ኃይል 2.4 እጥፍ ነው። ቦታ ካለህ 2 ዩኒት ሥራው።

አናጢ_ነኝ
በኮምፔርሳቶም ያምራል፤ ከነብሎኑ 750 ግራም ገደማ ይወጣል። 2 ዩኒት ከፍታ፣ 25 ሳንቲ ጥልቀት ይዘን እንሂድ፤ ልኮቹ ሁሉ በሚሊ ናቸው።

ወለሉ 6 ሚሊ ውፍረት፣ 420 በ250። ሁለት የጎን ክንፍ በ9 ሚሊ፣ ርዝመታቸው 250፣ ቁመታቸው ከፊት 88 ሆኖ ወደ ኋላ እየሾለ 25 ላይ የሚያልቅ። እስካሁን ስፋቱ 438 ነው። በየክንፉ ውጪ፣ ከፊት በኩል፣ 25 በ25 በ3 የሆነ የአልሙኒየም አንግል 88 ሚሊ ቆርጠህ አቁመህ ታስረዋለህ፤ ወደ ውጪ የሚወጣው ጎኑ ጆሮ ይሆናል፤ ይህን ከመስኮት ሠሪዎች ታገኘዋለህ፣ አይታጠፍምና 6063 መሆኑ አይጎዳም። አሁን 444 ሆነ። በሀዲዶቹ (መደርደሪያው የሚታሰርባቸው ባለ ቀዳዳ የራኩ ቋሚ ብረቶች) መካከል ያለው ክፍተት 450 ስለሆነ በየጎኑ 3 ሚሊ ይተርፍሃል።

እዚህ ጋ ነው የሚበላሸው። ተራ ብሎን ከተጠቀምክ ጭንቅላቱ ወይም ዳዶው ወደ ውጪ ወጥቶ ያቺን 3 ሚሊ ይበላና መደርደሪያው አይገባም። ጭንቅላቱ አንግሉ ውስጥ ሰምጦ የሚቀር ኤም4 ብሎን ከውጪ አስገባ፣ ዳዶና ሮንዴላው ከውስጥ ይሁን። በየአንግሉ ሁለት፣ እርስ በርስ 60 ሚሊ የተራራቁ።

የጆሮዎቹ ዳር ለዳር 488 ስለሚሆን ከእያንዳንዱ 3 ሚሊ ቆርጠህ በሞረድ አስተካክል፤ 482 ይሁን። የግራና የቀኝ ቀዳዳ ማዕከል ለማዕከል 465፣ ከታች ጠርዝ ደግሞ 6 እና 82.2 ላይ። በ7 ሚሊ ፑንታ ብሳና ወደ ጎን ትንሽ አስረዝመው፤ ሀዲዶች ሁልጊዜ እኩል አይቆሙም።

ወለሉን ከክንፉ ጋር በቪቲ ብቻ አታያይዝ። የ6 ሚሊ ኮምፔርሳቶ ጠርዝ በቪቲ ይሰነጠቃል። 15 በ15 የሆነ ቀጭን እንጨት በወለሉ ሥር፣ ክንፉን ተከትሎ በኮላ ለጥፍና በሞርሳ አጥብቀህ አሳድረው። ከወለሉ በላይ 67 ሚሊ ይቀርሃል፣ ለሪሲቨር ይበቃል። ከመቁረጥህ በፊት ግን ሁለቱን ሪሲቨር ጎን ለጎን አስቀምጠህ ለካ። ከ420 ካለፉ ክንፉን በ3 ሚሊ አልሙኒየም ቀይረህ ወለሉን 432 አድርገው።

ከሜሪላንድ
አንድ ነገር ልጨምር፦ የራኩን ቀዳዳ እዩ። ከአሜሪካ የተላከ ራክ ጥርሱ ብዙ ጊዜ 10-32 የሚባለው የኢንች ልክ ነው። ኤም5 ብሎን ሲያዩት አንድ ይመስላል፣ ጥርሱ 0.794 እና 0.8 ሚሊ ስለሆነ ሁለት ሦስት ዙር ይገባል። ከዚያ ይጠብቃል፤ በካቻቢቴ ከገፋችሁት የሀዲዱ ጥርስ ያልቃል። በጣት ብቻ እስከ መጨረሻ ካልገባ ብሎኑ የሱ አይደለም። ካሬ ቀዳዳ ያለው ሀዲድ ከሆነ ኬጅ ነት (ካሬ ቀዳዳው ውስጥ የሚሰካ ዳዶ) ከኤም6 ብሎን ጋር ተጠቀሙ።

ድምፅ_ክፍል
ከሁሉ በፊት የሪሲቨሮቹን ካርቶን ፈትሽ። ብዙዎቹ ግማሽ ራኮች ሁለቱን አያይዞ 1 ዩኒት የሚያደርግ ማገናኛና ጆሮ አብሯቸው ይመጣል፣ ወይም ለብቻው ይሸጣል። ከሁሉ የሚቀለው መደርደሪያ የሌለው ነው! ያኔ መደርደሪያ የሚያስፈልገው ለኢንተርፌሱና ለአዳፕተሮቹ ብቻ ይሆናል።

የሪሲቨሩ አንቴና ከኋላ ከሆነ በሁለት የአልሙኒየም ወለል መሃል አትቅበረው፣ ሲግናሉ ይጋረዳል። ወይ ወለሉን እንጨት አድርገው፣ ወይ አንቴናውን በአጭር ኬብል ወደ ፊት አውጣ። አዳፕተሮቹን በቬልክሮ ማሰሪያ ከወለሉ ጋር እሰራቸው፤ ማጣበቂያው ሲሞቅ ስለሚለቅ በወለሉ ላይ ሁለት ስንጥቅ ቆርጠህ ማሰሪያውን በዚያ አሳልፈው።

ኪቦርድ_ቤት
እግዜር ይስጥልኝ። ሪሲቨሮቹ ማገናኛ አላቸው፣ አሁን ነው ያየሁት። ለቀረው እንጨቱን እሠራለሁ። ራኩ የኋላ ሀዲድ የለውም፣ ለአውሮፕላን ያሰጋል?

አናጢ_ነኝ
ለሰርግ ሥራ ፊቱ ብቻ ይበቃል። ለአውሮፕላን ግን ሳጥኑ ሲወረወር ኋላው ይዘላል። 40 በ40 የሆነ አንግል 5 ሳንቲ ሳንቲ ቆርጠህ በሳጥኑ ግድግዳ ላይ፣ ክንፉ በሚያልቅበት፣ ከሥር እሰር። በክንፉና በግድግዳው መካከል 2 ሳንቲ ያህል ክፍተት ስላለ ባለ 25ቱ አንግል ክንፉን በደንብ አይዝም። በመካከላቸው 3 ሚሊ ጎማ አድርግ፤ ከላይም ሌላ አንድ ጥንድ ድገም፣ ዝላዩ ወደ ላይም ስለሆነ።