ኑሮ ሲወደድ የጡረታ አበል በሕግ አብሮ ይጨምር? (የቡድን ክርክር)

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ጥያቄ ይኼ ነው። ዋጋ በሚንርበት ጊዜ የጡረታ አበል በየዓመቱ ከንረቱ ጋር እንዲስተካከል በሕግ ይደንገግ? ወይስ መንግሥት አቅሙን እያየ አልፎ አልፎ ይጨምር? ለማያውቁት ባጭሩ፦ በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 መሠረት የመንግሥት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ መንግሥት ደግሞ 11 በመቶ ያዋጣሉ። የግል ድርጅት ሠራተኛም በአዋጅ 1268/2014 ያው ነው፤ 11ዱን የሚከፍለው ቀጣሪው ነው። ሐሳቡን እንጂ ሰውን አንንካ። ቀጥሉ።

ጡረተኛ መምህርት፦ እኔ ይደንገግ ባይ ነኝ። ሒሳብ ሳስተምር ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት፤ በቁጥር ላስረዳ። 30 ዓመት ያገለገለ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር የሆነ ሰው እንውሰድ። ለመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት 30 በመቶ ይታሰብለታል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል። ድምሩ 55 በመቶ፣ 5,500 ብር ማለት ነው። ጡረታ በወጣበት ወር ደህና ገንዘብ ነው። ነገር ግን በ2014 እና በ2015 ዋጋ በየዓመቱ 30 በመቶና ከዚያ በላይ ይጨምር እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ሁለት ዓመት እንደዚያ ከሄደ በ5,500 ብር የሚገዛው ዕቃ ቀድሞ በ3,250 ብር ይገዛ የነበረውን ያህል ነው። አበልሽን ቀነስን ያለኝ የለም። ደብዳቤም አልደረሰኝም። ያወቅሁት ጤፍ ልገዛ ወጥቼ ነው።

ሌላም አለ። በ2017 የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ብር ከፍ አለ። በ2018 ደግሞ 6,000 ሆነ። ለሠራተኛው ይገባዋል፣ ይበለው። አበል የሚሰላው ግን በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ደመወዝ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ያስተማርን ሁለት ሰዎች፣ እኔ ከጭማሪው በፊት ወጣሁ፣ እሷ ጥቂት ዓመት ቆይታ ትወጣለች። አንድ ዓይነት ጠመኔ ይዘን፣ አንድ ዓይነት ክፍል ገብተን፣ አበላችን ሰማይና ምድር ይሆናል። አልፎ አልፎ ለጡረተኛው ጭማሪ እንደሚደረግ አልክድም። መቼ እንደሚመጣና ስንት እንደሚሆን ግን አላውቅም። በማላውቀው ገንዘብ የግፊት መድኃኒት አልገዛም።

የፋይናንስ ባለሙያ፦ መምህርት፣ ስሌትዎ ልክ ነው፤ እሱ ላይ አልከራከርዎትም። እኔ የምፈራው «በሕግ» የሚለውን ነው። የጡረታ ፈንዱ ገንዘብ የሚያገኘው ከመዋጮና መዋጮው ከሚያስገኘው ትርፍ ነው። መዋጮው የደመወዝ 18 በመቶ ነው። ደመወዝ ለዓመታት ባለበት ቆሞ ዋጋ 30 በመቶ ቢጨምር፣ አበሉ በሕግ 30 በመቶ ያድጋል፣ መዋጮው ግን ንቅንቅ አይልም። ክፍተቱን ማን ይሞላዋል? በጀቱ ራሱ በጉድለት ነው የሚሄደው። ብር ታትሞ ቢሞላ ዋጋውን መልሶ ያንረዋል፤ መጀመሪያ የሚጎዱትም እርስዎ ነዎት። ዛሬ 7 በመቶ የሚቆረጥበት ወጣት ነገ ባዶ ካዝና መረከብ የለበትም። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አረጋውያንን የሚረዳው አቅሙ በፈቀደ መጠን እንደሆነ ነው የሚናገረው።

የግል ድርጅት ሠራተኛ፦ ወጣቱ ከተነሣ እኔ ልመልስ። የእናቴ አበል ሲያንስ የሚሞላው ከእኔ ኪስ ነው። በየወሩ ደመወዝ እንደገባልኝ መጀመሪያ የምልከው ለእሷ ነው፤ የቤት ኪራይ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። የእሷን አበል ባለመጨመር እኔን አዳናችሁኝ ማለት አይደለም። መዋጮውን እከፍላለሁ፣ ድጎማውንም እከፍላለሁ። ሌላው ደግሞ፣ የቀድሞ ቀጣሪዬ ከደመወዜ እየቆረጠ ለወራት ወደ ፈንዱ ሳያስገባ ቆይቶ ነበር። ስለ ፈንዱ አቅም ከማውራታችን በፊት የተቆረጠው ሁሉ ይግባ።

የሕግ ባለሙያ፦ አንቀጽ 41 የሚያወራው ስለ እርዳታ ነው። ጡረታ እርዳታ አይደለም። ሰውየው ሠርቶ ያገኘው፣ የሚከፈልበት ቀን የተላለፈ ደመወዝ ነው። ይኼን ልዩነት ከረሳን ክርክሩ ሁሉ ይበላሻል።

የአውሮፓዊቷን አገር የላትቪያን ነገር ልንገራችሁ። በ2009 እ.ኤ.አ. ኢኮኖሚዋ በአንድ ዓመት ከ14 በመቶ በላይ ወደቀ። መንግሥት ከውጭ አበዳሪዎች ገንዘብ እየተቀበለ ጡረታን በ10 በመቶ ቆረጠ። ጡረታ ወጥተው እየሠሩ ያሉትን ደግሞ በ70 በመቶ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ቅነሳውን ሻረው። መንግሥት ሌላ ቀለል ያለ አማራጭ በደንብ አላየም፤ የአበዳሪ ቅድመ ሁኔታም ብቻውን የዜጋን መብት ለመገደብ ምክንያት አይሆንም አለ። የተቆረጠው ለጡረተኛው ተመለሰ። በግሪክም በ2015 እ.ኤ.አ. ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት የ2012ቱን የጡረታ ቅነሳ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወስኗል።

እዚያ ቅነሳው በአዋጅ ስለመጣ የሚከሰስ ነገር ነበር። እኛ ጋ ቆራጩ የዋጋ ንረት ነው። መምህርት ቀነስን ያለኝ የለም ያሉት እኮ ዋናው ነጥብ ነው። ማንን ይክሰሱ? በሕግ የተጻፈ የማስተካከያ ቀመር ካለ ግን የሚጠየቅ ሰው ይኖራል።

ከቨርጂኒያ፦ እዚህ አሜሪካ የሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታ) ክፍያ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዋጋ ጋር በራሱ ይስተካከላል። ከዚያ በፊት ኮንግረስ በየጊዜው ሕግ ማውጣት ነበረበት። በ2023 እ.ኤ.አ. የ8.7 በመቶ ጭማሪ ሲደረግ አንድም ጡረተኛ ደጅ አልጠናም።

የፋይናንስ ባለሙያ፦ ወንድሜ፣ 8.7 እና 30 አንድ አይደሉም። አሜሪካ የምትበደረው በራሷ ዶላር ነው። እኛ በሐምሌ 2016 ብርን ለገበያ ስንለቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ እጥፍ ሆኗል።

ግን ሐቁን ልናገር። የፈንዱ ትልቁ ቁስል አበል መክፈሉ አይደለም፤ ገንዘቡ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ለብዙ ዓመታት የጡረታ ገንዘብ በብዛት የግምጃ ቤት ሰነድ፣ ማለትም መንግሥት ገንዘብ የሚበደርበት ወረቀት፣ ይገዛበት ነበር። ሰነዱ በታኅሣሥ 2012 በገበያ ጨረታ መሸጥ እስኪጀምር ድረስ ወለዱ ከ3 በመቶ በታች ነበር፤ የዋጋ ንረቱ ደግሞ ባለ ሁለት አሃዝ። ፈንዱ በየዓመቱ እየሟሟ ነበር ማለት ነው።

ጡረተኛ መምህርት፦ ልጄ፣ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላመጣልህም። ያንን ገንዘብ በርካሽ የተበደረው ማነው? መንግሥት ነው። መንገድ ተሠራበት፣ ግድብ ተሠራበት፤ እሰየው፣ አገሬ ነው። ግን ከእኔ መዋጮ ላይ ነው የተሠራው። እንዲህ ከሆነ «ፈንዱ አቅም የለውም» ለእኔ መልስ አይሆነኝም። አቅም ያሳጣው ራሱ ተበዳሪው ነው። ያለበትን ይክፈል።

የግል ድርጅት ሠራተኛ፦ እትዬ፣ እጅዎን ይባርከው።

አወያይ፦ ክርክሩ እየጠራ ነው። እንግዲህ ለማን፣ ምን ያህል ወደሚለው እንምጣ።

ጡረተኛ መምህርት፦ እኔ ከታች ልጀምር። ጡረተኛ ሲሞት ለትዳር ጓደኛው የሚተርፈው የአበሉ ግማሽ ነው። ቅድም ያነሣሁት ሰው ቢሞት ሚስቱ 2,750 ብር ነው የምታገኘው። ጎረቤቴ እንዲህ ያለች ሴት ናት። ብሩ ባንክ በገባ ማግስት ዱቤዋን ትከፍላለች፤ በዚያው ቀን አዲስ ዱቤ ትጀምራለች። ለተተኪዎችና ለዝቅተኛ አበል ተከፋዮች የዓመቱ ንረት ሙሉ በሙሉ ይጨመር። አበሉ ከፍ ላለው በከፊል ቢሆን አልቃወምም፤ እኔንም ጨምሮ።

የፋይናንስ ባለሙያ፦ ይኼንን እቀበላለሁ። ሁለት ነገር ግን ይጨመር። አንደኛ፣ የፈንዱ ገቢና ወጪ፣ ወደፊት ስንት ዓመት እንደሚያዘልቅ የሚያሳየው ጥናትም ጭምር በየዓመቱ ለሕዝብ ይውጣ። ሁለተኛ፣ ንረቱ ከ20 በመቶ ሲያልፍ የማስተካከያ ጣሪያ ይኑር። አለዚያ አንድ ክፉ ዓመት ፈንዱን ያናጋዋል።

የሕግ ባለሙያ፦ የመጀመሪያው ግድ ነው። ሁለተኛው ላይ ግን ጣሪያው የሚነካው ልክ ሰው በሚቸገርበት ዓመት ነው።

ጡረተኛ መምህርት፦ እሱን ልል ነበር። በ2014 ጣሪያህ ቢኖር ኖሮ ከዓመቱ ንረት ሲሶው ወይም ከዚያ በላይ ሳይካካስ ይቀር ነበር። ያ የቀረው የት ይገባል?

የፋይናንስ ባለሙያ፦ ይሰረዝ አላልኩም። መንግሥት በስማችሁ እንደ ዕዳ ይመዝግበውና ንረቱ ሲረግብ ከፋፍሎ ይክፈል።

ጡረተኛ መምህርት፦ የሚከፈልበት ቀን አዋጁ ውስጥ ከተጻፈ እስማማለሁ። «ሁኔታዎች ሲፈቅዱ» ከተባለ ግን አልስማማም። ለጎረቤቴም የጣሪያው ነገር አይነካትም በልልኝ።

የፋይናንስ ባለሙያ፦ ለተተኪዎች ጣሪያ አይኑር። ቀኑም ይጻፍ።